የወንዝ ዳር እርሻና የደራሽ ጎርፍ ሥጋት፦ ከውርጌሳ እስከ መርሳ ምን ይደረግ?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ ሲደርስ የአካባቢው መልክዓ ምድር ለሁለት ተከፍሎ ይታየዋል። በስተግራ ተራራው ቆሞ ይከተለዋል። በስተቀኝ ደግሞ መሬቱ ቀስ እያለ ዝቅ ብሎ ወደ አፋር ይዘረጋል። በመካከሉ አስፋልቱን እያቋረጡ የሚወርዱ ወንዞችና ደረቅ ፈፋዎች አሉ። በበጋ ሲታዩ አብዛኞቹ አሸዋና ጠጠር ብቻ ናቸው፤ ሕፃናት ከብት እየነዱ ይሻገሯቸዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ያው ፈፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በእነዚህ ወንዞች ዳርና ዳር ያለው ማሳ፣ ማሳውን የሚያርሰው አርሶ አደር እና ውሳኔ የሚጠበቅበት የወረዳ አመራር ነው።

በዓለም አቀፍ መድረክ የአየር ንብረት ለውጥን ስለመቋቋም ሲነሳ ቀድመው የሚጠሩት የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ናቸው። የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ፣ ማዕበሉም እየበረታ ቤታቸውንና ማሳቸውን ስለሚወስድባቸው ነው። ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ይሁን እንጂ በውኃ ዳር የሚኖር፣ ከውኃው የሚበላና በውኃው የሚጠቃ ሕዝብ አላት። የጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ የአዋሽ ተፋሰስ ቆላ፣ በደቡብ ኦሞ ወንዙ ወደ ቱርካና የሚገባበት የዳሰነች ምድር የእኛ ዳርቻዎች ናቸው። በምሥራቅ ወሎ ተዳፋት ሥር ያለው የሀብሩ ወረዳ ወንዝ ዳርም እንደዚሁ። ለባሕር ዳርቻ ሰዎች የተገኘው ትምህርት ለእኛም ይሠራል፤ እኛ ጋ ያለው ልዩነት ውኃው የሚመጣው ከባሕር ሳይሆን ከተራራ መሆኑ ነው።

ለምን ወንዝ ዳር?

ጎርፍ አንድ ማሳ ሲወስድ ከሚሰሙት አስተያየቶች የመጀመሪያው "መጀመሪያውንስ እዚያ ማን እረሱ አላቸው?" የሚል ነው። ይህ ጥያቄ መልስ አለው። በአማራ ክልል መሬት ለመጨረሻ ጊዜ በስፋት የተደለደለው በ1989 ዓ.ም ነው። ያኔ ሕፃን የነበረው ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። ከወላጁ ድርሻ የተቆረሰለት ትንሽ ማሳ ስለማይበቃው ሁለት አማራጭ ነው ያለው፤ ወደ ላይ ተዳፋቱን መቆፈር ወይም ወደ ታች ወንዝ ዳሩን ማረስ። መሬት አልባ ወጣቶችና ጉልበት ያነሳቸው እማወራዎችም የሚደርሳቸው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ዳር ዳር ቦታዎች ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መሬቱ ጥሩ መሆኑ ነው። ጎርፍ የሚያመጣው ደለል ማሳን ያለ ማዳበሪያ ያለማል። ወንዙ ቅርብ በመሆኑም በመስኖ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ብርቱካንና ፓፓያ ማምረት ይቻላል። የመርሳ አካባቢ ፍራፍሬ በመንገዱ ተመላላሽ ሁሉ የሚታወቀው በዚሁ ውኃ ነው። ስለዚህ ውኃው የሚያበላም የሚነጥቅም ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለውም እንዲህ ያለው ነው፤ አምስት ዓመት አብልቶ በስድስተኛው ማሳውን ከነአፈሩ ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ "ከወንዝ ዳር ተነሡ" የሚል ትእዛዝ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ተነሥቶ የሚሄድበት ማሳ የሌለው ሰው ክረምቱ ሲወጣ ተመልሶ ይመጣል።

ምን ተለወጠ?

ጎርፍ በወሎ አዲስ አይደለም። የተለወጠው አመጣጡ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ማለት ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ የሚያወርደው ውኃ ሊበዛ ይችላል ማለት ነው። በሳምንት ውስጥ ተከፋፍሎ ይዘንብ የነበረው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲወርድ አፈሩ ለመጠጣት ጊዜ አያገኝም። የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ባይጨምር እንኳ ጎርፉ ሊጨምር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ያው ወረዳ በአንድ ዓመት ውስጥ በበልግ ድርቅ፣ በክረምት ደግሞ ጎርፍ ሊያስተናግድ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ድርቁን በተመለከተ የአካባቢው ሰው ምስክር አያሻውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም ወሎን ያጎሳቆለው ረሀብ የዓለም መነጋገሪያ ነበር። በ2008 ዓ.ም በኤልኒኖ ሳቢያ የተከሰተው ድርቅ በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለምግብ እርዳታ ዳርጓል። ኤልኒኖ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የክረምቱን ዝናብ ሲያሳንስ፣ ተቃራኒው ላኒና ደግሞ ክረምቱን የማበርታት ዝንባሌ አለው። ስለዚህ የሀብሩ ቆላ በሁለቱም ወገን ተጋላጭ ነው።

በዚህ ላይ የመሬቱ አቀማመጥ ይጨመራል። ከመርሳ በስተምዕራብ ያለው የጉባላፍቶ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ መርሳ ግን 1 ሺህ 600 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ውኃው ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚጨርሰው በአጭር ርቀት ነው። ተዳፋቱ ከተራቆተ ደግሞ የሚያግደው ነገር የለም። ቆላው ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደራሽ የሚመጣው ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ስለሆነ ነው። ሰውና ከብት የሚወሰዱትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

ከሌሎች ምን እንማር?

የባንግላዴሽ ባሕር ዳርቻ ድሃና ዝቅተኛ ምድር ነው። እ.ኤ.አ በ1970 በአንድ ማዕበል ቢያንስ 300 ሺህ ሰው አልቆበታል። ከዚያ በኋላ ሀገሪቱ ከቀይ ጨረቃ ማኅበር ጋር ሆና በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች፤ ባንዲራ፣ የእጅ ድምፅ ማጉያና ሬዲዮ ሰጠቻቸው፤ መጠለያዎችንም ሠራች። እ.ኤ.አ በ1991 በመጣው ማዕበል አሁንም ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ በ2007 እጅግ ብርቱ የሆነ ማዕበል ሲመታት ግን የሟቾች ቁጥር ወደ 3 ሺህ 400 ገደማ ወረደ። ማዕበሉ አልቀነሰም፤ የቀነሰው ሳይሰማ የሚሞተው ሰው ነው።

ከዚሁ ታሪክ ሌላም የሚወሰድ ነገር አለ። በ1991ዱ አደጋ ከሞቱት ውስጥ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በጣም ይበዙ ነበር። ማስጠንቀቂያው ወንዶች በሚውሉበት ገበያና አደባባይ ተነግሮ ቤት ላሉት በጊዜ አልደረሰም። መጠለያዎቹም ለሴቶች የሚመቹ አልነበሩም። በኋላ ሴት በጎ ፈቃደኞች በስፋት እንዲገቡ የተደረገው ለዚህ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ድሬዳዋ ላይ የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ውኃው የመጣው ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ የመታው ደግሞ በደረቁ ወንዝ ዳር የተሠሩ ቤቶችን ነው። የሀብሩ ወንዞች ጠባይም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጥሩ ምሳሌም አለን። የፎገራ ሜዳ ክረምት በመጣ ቁጥር በርብና በጉማራ ወንዞች ሙላት የሚጥለቀለቅ ምድር ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተሞከረው ሩዝ በአርሶ አደሩ እጅ ተስፋፍቶ ዛሬ ፎገራ የሀገሪቱ ዋና የሩዝ አምራች ከሆኑት አንዱ ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚያው በወረታ ተቋቁሟል። ውኃው የተኛበት መሬት የሚበላ ሰብል አገኘ ማለት ነው። የሀብሩ ጎርፍ ተምዘግዛጊ እንጂ የሚተኛ ስላልሆነ ሩዙን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የሚቀዳው ሐሳቡ ነው፤ ውኃውን ከማባረር ይልቅ የሚጠቅምበትን መንገድ መፈለግ።

ሥራው የሚጀምረው ከላይ ነው

የወንዝ ዳር ማሳ የሚድነው ወንዝ ዳር ላይ ብቻ በሚሠራ ሥራ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ የተፋሰስ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ከ1997 ዓ.ም ወዲህም የልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች በዚሁ ሥራ ተሰማርተዋል። ብዙ የተራቆተ ተራራ አገግሟል፤ ምንጭ የጎለበተበት ቦታም አለ። ሆኖም ሥራው የሚለካበት መንገድ መታረም አለበት። ሪፖርቱ "ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ" ይላል። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ስንቱ ቆሞ እንደቀረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የተናደ እርከን ካልተሠራው ይብሳል፤ ውኃውን አጠራቅሞ በአንድ ቦታ ይለቀዋልና። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጥቅምት ወር የቆመውንና የተናደውን ቆጥሮ የሚቀጥለውን ዘመቻ ከጥገና ቢጀምር በተመሳሳይ ጉልበት የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ሕጉም አለ። በ1997 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ የሚታረሰው ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራበት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ችግሩ የድንጋጌ እጥረት አይደለም። ከላይ ያለው አርሶ አደር ተዳፋቱን ትቶ የሚያገኘው ጥቅም አለመኖሩ ነው። በተከለለ ተራራ ላይ የሣር ማጨድ፣ የንብ ማነብና የፍየል ማድለብ መብት በደብዳቤ ከተሰጠው ጠባቂው እርሱ ራሱ ይሆናል።

የአስተዳደር ወሰንም ሌላው እንቅፋት ነው። ወንዙ የወረዳ ድንበር አያውቅም። ሀብሩን የሚመታው ውኃ ከፊሉ የሚነሣው ከጉባላፍቶና ከአምባሰል ተራሮች ነው። የላይኛው ቀበሌ ዕቅድ ለራሱ ወረዳ፣ የታችኛው ለራሱ ወረዳ ሪፖርት እስከሆነ ድረስ መካከሉ ባለቤት አይኖረውም። የሰሜን ወሎ ዞን አንድን ወንዝ ከምንጩ እስከ አፋር መውረጃው እንደ አንድ ተፋሰስ ቢያቅድ፣ ለአምባሰል ድርሻም ከደቡብ ወሎ ዞን ጋር ቢስማማ የላይኛው ሰው ሥራ ለታችኛው ሰው ምን እንዳዳነ ይታያል። የመንገድ ሥራም በዚህ ውስጥ መግባት አለበት። ከአስፋልቱ ሥር የሚያልፈው የውኃ መውረጃ ቱቦ የተበታተነውን ውኃ ሰብስቦ በአንድ አፍ ስለሚተፋ፣ ከሥሩ ድንጋይ ካልተነጠፈለትና ቦይ ካልተበጀለት የገበሬ ማሳ ላይ ቦረቦር ይከፍታል።

ወንዝ ዳሩ ላይ የሚሠራው

የመጀመሪያው ጥያቄ ከወንዙ ጠርዝ ስንት ሜትር ይተው የሚለው ነው። እስከ አፋፉ የታረሰ ማሳ ሥር የሚይዘው ነገር ስለሌለው በቀላሉ ይገመሳል። ባለሙያው "10 ሜትር ተው" ቢል ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራ። ማሳው በወንዙ ዳር 100 ሜትር ርዝመት ካለው፣ 10 ሜትር ስፋት መተው ማለት 1 ሺህ ካሬ ሜትር ወይም የሄክታር አንድ አሥረኛ መተው ነው። ግማሽ ሄክታር፣ ማለትም ሁለት ጥማድ ብቻ ላለው ቤተሰብ ይህ የመሬቱ አንድ አምስተኛ ነው። ከልጆቹ ጉሮሮ የሚቀነስ ስለሆነ በስብሰባ እሺ ብሎ ማሳው ላይ እምቢ ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ የተተወው መሬት እየያዘም እያበላም መሄድ አለበት። ዝሆኔ ሣር፣ ሸምበቆ፣ ቀርከሃና ሰስባንያ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል፤ ላያቸው ደግሞ መኖና የሚሸጥ እንጨት ይሆናል። ሣሩ ታጭዶ ለከብት ማድለቢያ ሲውል የተተወው አንድ አምስተኛ ከማሽላው ያላነሰ ሊያስገኝ የሚችልበት ሁኔታ አለ። ለዚህ ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ችግኙና ቁራጩ በወቅቱ መድረሱ፣ ልቅ ግጦሽም በቀበሌው ስምምነት መቆሙ። አንዱ ተክሎ ሌላው ከብት ከለቀቀበት ሥራው ከንቱ ነው።

ጋቢዮንን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። በሽቦ የታሰረ ድንጋይ አንዱን ዳር ሲከላከል ውኃውን ወደ ማዶ ሊገፋው ይችላል። አቤቱታ ያሰማው አርሶ አደር ማሳ ሲጠበቅ ያላሰማው የማዶ ጎረቤቱ ማሳ ይገመሳል። ጋቢዮን የሚሠራው ሁለቱም ዳር ታይቶ፣ የሁለቱም ወገን ባለማሳዎች በተገኙበት ሊሆን ይገባል። ከወንዙ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ የሚወጣበት ቦታም ተለይቶ መወሰን አለበት፤ ከድልድይና ከማሳ ሥር የሚቆፈር አሸዋ ጎርፉን መጋበዝ ነው።

ውኃውን ማባረር ብቻ ሳይሆን መጥለፍም ይቻላል። በራያ ቆላ አርሶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣል። በአፈርና በጭራሮ የሚሠራው መጥለፊያ በየጎርፉ ስለሚፈርስ ድካሙ ብዙ ነው። አፉን በድንጋይና በሲሚንቶ አጠናክሮ፣ የውኃ ክፍፍሉን ለነባሮቹ የውኃ አባቶች መተው ዕውቀቱንም ጉልበቱንም ያቆጥባል።

የዘር ምርጫ

በዚህ አካባቢ አርሶ አደሩ እንደ ደጋሌትና ጅጉርቴ ያሉ ረዣዥም ማሽላዎችን በሚያዝያ ይዘራል። ምርታቸውም አገዳቸውም የተወደደ ነው፤ አገዳው ለከብትም ለማገዶም ይሆናል። ነገር ግን የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር መሬቱ እስከ ሰኔ ባዶውን ይቆያል። ቶሎ የሚደርስ ዘር ያስፈልጋል የሚባለው ያኔ ነው። በዚያው በሀብሩ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ግራና አንድ ያሉ የማሽላ ዝርያዎችን ለቋል። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽርም በሀገራችን ከተለቀቁ ቆይተዋል። ማዕከሉ በሰሜኑ ጦርነት ጉዳት ደርሶበት የነበረ መሆኑ የዘር ብዜቱን ጉዳይ ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል።

ለአርሶ አደሩ ምክሩ "ደጋሌትን ተው" ሊሆን አይገባም። በሁለት እግር መቆም ነው። ሚያዝያ ሲሰምር ረዥሙ ይዘራል፤ ሲከሽፍ ደግሞ ፈጣኑ ማሽላ፣ ማሾ ወይም ጤፍ በሐምሌ መጀመሪያ ማሳው ላይ መገኘት አለበት። ይህ የሚሆነው ፈጣኑ ዘር በግንቦት መጨረሻ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ካለ ነው። በሐምሌ አጋማሽ ከወልድያ የሚጫን ዘር ለአርሶ አደሩ ምንም አይፈይድለትም።

ማስጠንቀቂያው ለማን ደረሰ?

በኮምቦልቻ የሚገኘው የምሥራቅ አማራ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ማዕከል የአየር ሁኔታ ትንበያ ያዘጋጃል። ትንበያው ወደ ዞንና ወደ ወረዳ ይወርዳል። ጥያቄው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚኮተኩተው ሰው ጆሮ መድረሱ ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ደጋው ላይ ኃይለኛ ዝናብ መዝነቡን ያየ ሰው ለታችኛው ቀበሌ ስልክ የሚደውልበት የታወቀ ቁጥር መኖር አለበት። የተደወለለትም ሰው የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ለማስደወል ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ወሎ ለዚህ የሚሆን ጠንካራ አደረጃጀት አለው፤ ቅሬ። ለቀብር በአንድ ጥሪ የሚሰበሰብ ቅሬ ለነፍስ ማዳንም ሊሰበሰብ ይችላል።

ከባንግላዴሽ የተገኘው ትምህርት እዚህ ላይ ይታወስ። ውኃ የምትቀዳዋ ሴትና ከብት የሚጠብቀው ልጅ ስልክ ላይኖራቸው ይችላል። ጥሪው ለእነርሱ በሚሰማ ድምፅ መሆን አለበት፤ በትምህርት ቤትም ከሰኔ በፊት ልጆች "ወንዙ ሲደፈርስና ሲያጓራ አትሻገሩ" የሚለውን ደጋግመው ሊማሩ ይገባል።

ወጪውን ማን ይሸፍን?

በየዓመቱ ለጎርፍ ተጎጂ የሚውለው ገንዘብ የሚለቀቀው ከአደጋው በኋላ ነው። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" እንደሚባለው ነው። ከሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ ድርሻው ለወንዝ ዳር ሊመደብ ይችላል። እጅግ አደገኛ ከሆነው ቦታ መነሣት ያለባቸው ጥቂት አባወራዎችና እማወራዎች ሲኖሩ ደግሞ ምትክ መሬት ወይም ሌላ የመተዳደሪያ ሥራ ቀድሞ ሊዘጋጅላቸው ይገባል።

ከውጭ የሚመጣ ድጋፍም አለ። በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ እ.ኤ.አ በ2022 በተካሄደው 27ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ ለደረሰ ጉዳትና ኪሳራ የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ተወስኗል። ኢትዮጵያ ለዓለም ሙቀት ያላት ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ጉዳቱን ከሚሸከሙት መካከል በመሆኗ መብቷም ነው። እ.ኤ.አ በ2027 የሚካሄደው 32ኛው ጉባኤም አዲስ አበባ ላይ እንዲሆን ተመርጧል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚመጣው በጩኸት ሳይሆን በመዝገብ ነው። የትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ያህል አፈርና ሰብል እንደተወሰደበት በቀበሌ ደረጃ የተመዘገበ መረጃ የሌለው ወረዳ ጥያቄውን የሚያስደግፍበት ነገር አይኖረውም። አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው የልማት ሠራተኛ ለዚህ ይበቃሉ።

ሥራውን በወቅቱ ከከፋፈልነው ከባድ አይደለም። በጥቅምት የተናደው ይቆጠራል። በጥርና በየካቲት ላይኛው ተፋሰስ ይጠገናል። በመጋቢትና በሚያዝያ መቀልበሻ ቦዮች ይጠረጋሉ፤ የመጥለፊያ አፎች ይጠናከራሉ። በግንቦት ፈጣን ዘር መጋዘን ይገባል፤ የጥሪ ሰንሰለቱም ይሞከራል። በሰኔ ሣርና ሸምበቆ ይተከላል። በሐምሌና በነሐሴ የሚቀረው ነቅቶ መጠበቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ይህን ሸክም ወንዝ ዳር ላለው አንድ አርሶ አደር ብቻ መተው አይገባም። ላይኛው ቀበሌ፣ ታችኛው ቀበሌና ወረዳው ከተካፈሉት ከውርጌሳ እስከ መርሳ ያለው ወንዝ ዳር ማሳ ለልጆችም ይተርፋል።